የጠጅ ቤቷ የጡት ልጆች

የጠጅ ቤት ፈቃድ የሚሰጡ ሰዎች ሁሉ ጠጅ ይወዳሉ። የሚከለክሉት ደግሞ የበለጠ ይወዳሉ። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ተማሪ ሆኜ ከአንድ ጠጅ ቤት ጓሮ ተከራይቼ ስኖር በዓይኔ ያየሁት ነው።

ከተማዋ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ከተኮለኮሉት አንዷ ናት። ስሟን አልጠራም፤ የማነሣቸው ሰዎች ገና አልሞቱም፣ እኔም በዚያ መንገድ እመላለሳለሁ። በስድሳዎቹ መጀመሪያ ዘጠነኛ ክፍል ሲከፈትባት የዙሪያው ገጠር ልጁን ስንቅ እያሸከመ ይልክባት ጀመር። ከተሜውም ነቃ። በግ ያድርበት የነበረውን ክፍል ጠርጎ ለተማሪ አከራየ፤ አንዳንዱ ሳይጠርግም አከራየ። ወንዶቹ አምስትም ስድስትም ሆነው አንድ መደብ ላይ ይጋደማሉ፤ አንዱ መገላበጥ ሲያምረው ሌሎቹን አስፈቅዶ ነው። ሴቶቹ ጥቂት ስለሆንን ተመችቶናል፤ በእኛ ክፍል ሁለት ብቻ ነበርን። እኔ ከሽንዲ ወዲያ ካለ ገጠር፣ ጓደኛዬ ደግሞ ከቡሬ አጠገብ ካለ የአገው ቤተሰብ። ጓደኛዬ ስትናደድ በአገውኛ ታጉተመትማለች። ምን እንዳለች ስጠይቃት «ጸሎት ነው» ትለኛለች።

ክፍላችን ድሮ ጌሾ የሚሰጣበት ነበር። የዚያን ጊዜ ደብተሬ ዛሬም ሲከፈት ጌሾ ጌሾ ይላል። ከፊታችን አዳራሹ አለ፤ ግድግዳው ላይ ፈቃዱ በመስተዋት ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ጠጪዎች በአግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ቅዳሜ ገበያተኛው ሲሞላ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይመጣል። ባለቤቷ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ እንኳ ግንባሯ የማይፈታ ሴት ናት። ልጅ አልወለደችም። ሁለት ባል ፈትታለች። «ሁለቱም ጠጪዎች ነበሩ» ትላለች፣ «ጠጪ የሚጠቅመው በፊት በር ገብቶ ከፍሎ ሲወጣ ነው።» እንዲህ «እሷ» እያልኩ መጻፌ የሚከነክነው አንባቢ ካለ ይታገሠኝ። ያን ጊዜ «እትዬ» ብለን «አንቱ» ነበር የምንላት። ወደ «እሷ» እንዴት እንደተሻገርኩ መናገሬ አይቀርም።

አባቴ ልጁን ጠጅ ቤት ያስቀመጠው ግዴለሽ ሆኖ አይደለም። ሴትዮዋ የእጮኛዬ አክስት ናት፤ የአባቱ እህት። ገና ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው የታጨሁት። ልጁን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ። ከኋላው ይሻላል። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ ሙሽሪት ከአማቾቿ ወገን ዓይን ሥር ብትቀመጥ አትበላሽም ብለው ወሰኑ። አባቴ ያመጣኝ ዕለት በቅሎዋን ከበሩ ላይ እያሰረ፣ ፊቱን ሳያዞር፣

«እዚህ ግቢ እስካለሽ ተማሪ ነሽ» አለኝ። «ከዚህ ግቢ የወጣሽ ዕለት ሙሽራ ነሽ። ሌላ ቤት፣ ሌላ ሰፈር የሚባል ነገር አላውቅም።»

ያቺ ጌሾ ጌሾ የምትል ክፍል ከእጄ ከወጣች ዐሥረኛ ክፍል የለ፣ ዐሥራ አንደኛ የለ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኬን የማየው ያን የእጮኛዬን ፊት ነው።

ነገሩን ያመጣው አዝማሪው ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ጾመኛ መባል ይወዳል። ረቡዕና ዓርብ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ አይቀምስም፤ ጠጅ ግን ውሃ አይደለም። ዓርብ ጠዋት በጓሮ በር ይገባና ጓዳ ውስጥ፣ ከጋኖቹ መሃል ይቀመጣል። ፊታችንን ስንታጠብ በአጠገባችን ነው የሚያልፈው። እሱ እንዳላየን ይሆናል፣ እኛም እንዳላየነው እንሆናለን። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገር የለም። አዝማሪ ካልተናገረ ግን ምን ይበላል? አንድ ቅዳሜ ሹሙ በፊት በር፣ በክብር፣ ከደብረ ማርቆስ የመጡ እንግዶች አስከትሎ ሲገባ አዝማሪው ብድግ ብሎ እጅ ነሣና እንዲህ አለ፤

እግራችሁን ጠብቁ ስትገቡ በማታ፣
ጉድጓድ አለ እዚህ ቤት ሹሙ የገባ ለታ።

እንግዶቹ ሳቁ። ማዘጋጃ ቤቱ ቧንቧ እናስገባለን ብሎ ቆፍሮ የተወው ቦይ ልክ ከበሩ ፊት ነበርና፣ ግጥሙ ለእሱ መሰላቸው። ሹሙም ሳቀ። የእኛ አገር ሰው ግን የሳቀበትን ቃል መልሶ ያኝከዋል። ሹሙ ሁለተኛውን ብርሌ ሳይጨርስ «ጉድጓድ አለ»ን ከመሃል ሰነጠቀው። «ጉድ ጓዳ አለ» ሆነበት። ብርሌውን አስቀመጠ፤ ሌሎቹ ገና ይስቃሉ።

አዝማሪውን ቢከለክል ግጥሙ ገብቶኛል ማለት ነው። ጠጁን ቢከለክል ራሱን መቅጣት ነው። ስለዚህ እኛን ያዘ።

በሚቀጥለው ገበያ ጥሩምባ ተነፋና የማዘጋጃ ቤቱ ውሳኔ ተነበበ። ጠጅና ዘፈን በተፈቀደበት ግቢ ውስጥ፣ ከባለፈቃዱ ልጆች በስተቀር፣ ተከራይ እንዳይኖር፤ ተከራይ የተገኘበት ፈቃዱ ይሰረዛል። ለተማሪዎች ሥነ ምግባር ሲባል። በከተማዋ ተከራይ የነበረበት ጠጅ ቤት አንድ ብቻ ነበር። ውሳኔውን ከፈረሙት ሰዎች ግማሾቹ በየግቢያቸው፣ በየበጋቸው አጠገብ፣ ተማሪ ያከራያሉ። እነሱ ግን ጠጅ አይሸጡም፤ ይጠጣሉ እንጂ።

ሴትዮዋ ጋን እያጠበች አገኘናት።

«እትዬ፣ እንውጣ እንዴ?» አለች ጓደኛዬ።

«ወዴት?»

ትምህርት ከተጀመረ ቆይቷል፤ ክፍል የተባለ ሁሉ ተይዟል። ቢገኝም ለእኔ እንዳልተገኘ ነው።

«ዛሬ ተከራዬን ያስወጣ፣ ነገ አዝማሪዬን፣ ከነገ ወዲያ እኔን» አለች ከጋኑ ውስጥ አንገቷን ሳታወጣ። ድምፅዋ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ያስገመግማል። «ከልጆች በስተቀር ነው ያለው? እንግዲያው ልጆቼ ናችኋ። ከዛሬ ጀምራችሁ እማዬ በሉኝ።»

«እሺ፣ እትዬ» አልን ሁለታችንም።

ሳምንት ሳይሞላ ማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ላከ። ከሌላ አገር የመጣ አዲስ ጸሐፊ ነው፣ ኮቱ ከእሱ በፊት የሚደርስ። ማን ወለደ፣ ማን አልወለደ አያውቅም። ሴትዮዋ ደስ አላት። አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ብርሌ ሞላችለትና፣ «ልጆቼ ናቸው፣ አንዷ አባቷን መሰለች፣ አንዷ እኔን» አለችው። እኔ ነበርኩ እሷን የመሰልኩት። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ሄደ። ጓደኛዬ ቆሎ ልታቀርብ ስትነሣ ግን፣

«እማዬ፣ አንቱ ሰሃኑን የት አደረጉት?» አለች።

ጸሐፊው ብርሌውን ከአፉ መለሰ። «እናትሽን አንቱ ትያለሽ?»

«በእኛ ቤት እናት ትከበራለች» አለች ጓደኛዬ። ልጅቷ ፈጣን ናት።

«ትከበር» አለ ጸሐፊው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ? እናትሽን ጠጅ ይጨመርልኝ ብለሽ ለምኚልኝ እስቲ።»

አባት አንቱ ነው፤ እናት ግን አንቺ ናት። ይህን በጎጃም ጡት ያልጣለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። «እማዬ፣ ጨምሪለት» ማለት ብቻ ነው። ግን ታላቅ ሰው አንቺ ያለ ምላስ በርበሬ በሚቀባበት አገር ነው ያደግኩት፤ እሷን ደግሞ እንኳን እኔ፣ ጠጪዎቹም አይደፍሯትም። «እማዬ፣ ጨም...» አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልወጣም። እንደገና ሞከርኩ። «ጨም...ሩለት።»

ጸሐፊው ጠጁን ጨርሶ ነው የሄደው። ክሱንም ይዞ ነው የሄደው።

ማግሥቱን ማዘጋጃ ቤት ተጠራን። ጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል፤ ከወዲያ በኩል ሹሙ፣ ከአጠገቡ ሁለት ነጋዴዎች፣ ጫፍ ላይ ደግሞ የከተማው ሽማግሌ የሆኑ አንድ መሪጌታ ተቀምጠዋል። መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የተኙ ይመስላሉ፤ ግን ሰው ሲሳሳት ይነቃሉ።

«እሜቴ» አለ ሹሙ፣ «ልጅ እንደሌለሽ ከተማው ያውቃል።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጠበቀች። ስትደነግጥ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ቃሉ ከኋላዋ እንደተወረወረ ድንጋይ ነበር የመታት። ቶሎ ተመለሰች።

«የማኅፀን ልጅ የለኝም። የጡት ልጅ ግን አለኝ።»

«መቼ ጠቡ?»

«አሁን ይጠባሉ» አለችና ከነጠላዋ ሥር ትንሽ የማር ቅል አውጥታ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አስቀመጠች።

አንደኛው ነጋዴ ሳቀ። መሪጌታው ግን ዓይናቸውን ገለጡ። የጡት ልጅነት በእኛ ዘንድ ጨዋታ አይደለም። ልጅ ያጣ ሰው አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ፣ ምስክር ባለበት ያጠባል። የጠባው ልጅ ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው፤ ይወርሳል፣ ይጦራል፣ ያለቅሳል።

«ሥርዓት ነው» አሉ መሪጌታው። «ልጅ የሌላት ልጅ ብታደርግ ማን ይከለክላታል? ውሳኔው ልጆች አለ እንጂ የማኅፀን ልጆች አላለም።»

«መሪጌታ፣ ይህ እኮ ለፈቃድ ሲባል የተደረገ ብልጠት ነው» አለ ሹሙ።

«ብልጠትስ ቢሆን? ያዕቆብም በብልጠት ነው የተባረከ።»

ሹሙ ሊቀጥል አፉን ሲከፍት ሴትዮዋ በለሰለሰ ድምፅ ገባች። «ጌታዬ፣ ልጆቼ መሆናቸውን የሚመሰክር ሰው ካስፈለገ አለኝ። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ጓዳዬን የሚጎበኝ፣ ልጆቼን ፊታቸውን ሲታጠቡ የሚያይ፣ የተከበረ ሰው ነው። ይጠራ ካላችሁኝ እጠራዋለሁ።»

ነጋዴዎቹ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«ምስክር አያስፈልግም» አለ ሹሙ።

ጓደኛዬ ቀድማ ተጠራች። ማሩን እንደ መድኃኒት ዋጠችውና በአገውኛ አንድ ነገር አለች፤ ያን ጊዜ እንኳ ጸሎት ሳይሆን አልቀረም። ቀጥሎ እኔ። ተንበረከኩ። አውራ ጣቷ በሰም ፍርፋሪና በማር ተለውሶ ወደ አፌ ሲመጣ መሪጌታው ከበላዬ ሆነው እንደ ዳዊት ይወርዱታል። «እነሆ እናትሽ። እናቷ አያትሽ፣ እህቷ አክስትሽ፣ ወንድሟ አጎትሽ...»

ወንድሟ አጎትሽ።

ወንድሟ ማለት የእጮኛዬ አባት ነው። እጮኛዬም የአጎቴ ልጅ ሊሆን አንድ መላስ ብቻ ቀርቶታል። በእኛ አገር ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ አይጋባም። ቀና ብዬ ሴትዮዋን አየኋት። አልገባትም። ዓይኗ ሹሙ ላይ ነው፣ ልቧ ቤቷ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ከተሰቀለው ፈቃድ ዘንድ ነው። መሪጌታውም ማን ለማን እንደታጨ አያውቁም። በዚያ ክፍል ውስጥ ዝምድናውን የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አፌን ከፍቼ ጠባሁ።

«ቀስ በይ እንጂ» አለች፣ «ጣቴን ልትበይው ነው?»

ስንመለስ ከወንዙ ድልድይ ላይ ጓደኛዬ ቆማ አየችኝ። «የአጎትሽን ልጅ መቼ ነው የምታገቢው?» አለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እስክንታመም ሳቅን። ሴትዮዋ ቀድማን ስለሄደች፣ ዞራ «ምን አገኛችሁ?» ብላ ጮኸች። «ማሩ ነው» አልናት።

ወሬ ከከተማ ወደ ገጠር ሲሄድ ግማሹን መንገድ ላይ ይጥላል። የውሳኔው ወሬ ሽንዲ ደረሰ፤ የማሩ ወሬ አልደረሰም። ጥር ሲገባ አባቴና የእጮኛዬ አባት በቅሏቸውን ጭነው ከች አሉ። ቤቱ ለተማሪ ተዘግቷል፣ እንግዲህ ልጅቷ ትውጣ፣ ቀን እንቁረጥ ብለው ነው። ሴትዮዋም ወንድሟን ስታይ ደስ ብሏት ጠጅ ከልዩው ጋን ቀዳች፤ የሠርጉን ቀን መርጠው እንዲመርቁ ደግሞ መሪጌታውን አስጠራች። ራሷ ናት ያስጠራቻቸው። እኔ ብርሌ አቅርቤ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ከንፈሬ ወደ ሳቅ ይሄድብኛል።

መሪጌታው ተቀመጡ፣ ብርሌውን ባረኩ። «ማንን ከማን ነው የምናጋባው?» አሉ።

«የእኔን ልጅ ከዚህች ልጅ» አለ ወንድሟ።

መሪጌታው ቀስ ብለው አዩት። «ከአክስቱ ልጅ?»

የሴትዮዋ እጅ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። መጀመሪያ መሪጌታውን አየች፣ ቀጥላ አውራ ጣቷን፣ ቀጥላ እኔን። እኔን ስታይ ቆየች። እንዳወቅኩ አወቀች።

ለአባቴ ነገሩን ያስረዱት መሪጌታው ናቸው። አባቴ ሲቆጣ አይጮኽም፣ ይጠይቃል። «ጠጅ ቤት ያስቀመጥኩሽ» አለኝ፣ «ማር እንድትልሺ ነው?»

«አባባ፣ ማዘጋጃ ቤት ነው ያዘዘ» አልኩ። ሐሰትም አይደለም።

«ሊፈርስ አይችልም?» አለ ወንድሟ መሪጌታውን።

«የጠባ ይተፋል?» አሉ። «ያው፣ አጥቢዋ ራሷ ‹ሐሰት ነበር፣ ከልቤ አልነበረም› ካለች ሌላ ነው።»

ወንድሟ ወደ እህቱ ዞረ፤ መላ ያገኘ ሰው ፊት አለው። «እንግዲህ የዚህችን ብቻ ሐሰት ነበር በያ። ያችኛዋ ልጅሽ ሆና ትቅር። ይቺን አሁን ይዘናት ስለምንሄድ ተከራይም የለብሽ፤ ፈቃድሽም አይነካ፣ ልጄም በአገር አያፍር። አንድ ቃል ናት።»

እውነቱን ነው፤ አንድ ቃል ናት። ሴትዮዋ ምንም አትጎዳም። ወንድሟን ደስ ታሰኛለች፣ የተንኮለኛይቱንም ዋጋ ትሰጣለች። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ግንባሯ እንደ ወትሮው ነው፤ የሚነበብ ነገር የለበትም።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

አባቴ እያየኝ ነው። ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ትምህርት፣ መንግሥት፣ ዕድሜ። አንዱም አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው።

«እማዬ» አልኩ፣ «እውነቱን ንገሪያቸው።»

ንገሪያቸው። ይንገሩ አይደለም፣ ንገሪ። አባቴ አንገቱን ቀለሰ፤ ልጁ ታላቅ ሰው ስትዘልፍ የሰማ መስሎታል። ጸሐፊው ፊት ያንን ሁሉ ስታገል እምቢ ያለ ምላሴ፣ ማንም ሳያዘው ሄደ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ሰማህ?» አለችው። «ልጄ ናት። ለልጅህ ሌላ ፈልግለት፤ መልኩ ከኋላ ደኅና ነው፣ አይቸገርም።»

ይህን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም። እንግዲህ እሷም አይታዋለች ማለት ነው።

ወንድሟ ጠጁን ሳይጨርስ ወጣ፤ ለዓመት ያህል ደጇን አልረገጠም። አባቴ ግን ጨረሰ። ሲወጣም በቅሎዋን እየፈታ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ያው እዚያው ግቢ ነሽ» አለኝ። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

ወሩ ሲያልቅ ኪራዬን ይዤ ሄድኩ። «ልጅ ለእናቱ ኪራይ ይከፍላል?» ብላ እጄን መለሰችው። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ የብርሌ ክምር አሳየችኝ። ልጅ ደግሞ ብርሌ ያጥባል። በየጠዋቱ፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ አንገቱ ጠባብ የሆነውን ያን ሁሉ ብርሌ። ኪራዩ ይሻለኝ ነበር፤ ነግሬያታለሁም። «አንቺ ደግ ሴት አይደለሽም» ብያታለሁ፣ በአንቺ።

ዓርብ ጠዋት ጓዳ የሚቀመጠውንም ሰው የማስተናግደው እኔ ሆንኩ። አሁን አያልፈኝም፤ ዘመድ ሆነናል። «እንዴት አደርሽ፣ የእሜቴ ልጅ?» ይለኛል ደፉን ሲሻገር።

«እግዜር ይመስገን» እለዋለሁ። «እግርዎን ይጠብቁ እንጂ፣ ጌታዬ። ጉድጓድ አለ።»